ከመጋረጃው ጀርባ የመጣ እልልታ

አቶ ጂራታ ዓይናቸውን አምነው አያውቁም። ዓይን በእሳቸው አነጋገር ቶሎ የሚደለል ዳኛ ነው፤ ጆሮ ግን ጉቦ አይበላም። በአቃቂ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሽመና ክፍል ውስጥ ሠላሳ ሁለት ዓመት መካኒክ ሆነው ሲሠሩ፣ ከሁለት መቶ በላይ መኪኖች በአንድ ጣሪያ ሥር እየጮኹ ሳለ በሩ ላይ ቆመው ለጥቂት ጊዜ ያዳምጡና «አሥራ ሰባት ቁጥር ታማለች» ብለው በቀጥታ ወደ አሥራ ሰባት ቁጥር ይሄዱ ነበር ይባላል። ባልደረቦቻቸው «ጆሮ» የሚል ስም አውጥተውላቸው ነበር።

ጡረታ ከወጡ ወዲህ ይህ ጆሮ ሥራ ቢያጣ ወደ ሰፈሩ ዞረ። ቧንቧው ተዘግቶም የውኃ ቆጣሪው ይዞራል ብለው ስለሚጠረጥሩ፣ በየጠዋቱ ጎንበስ ብለው ያዳምጡታል። ሥጋ ቤት ሲሄዱ መጥረቢያው አጥንት ላይ ሲያርፍ የሚሰጠውን ድምፅ ይሰማሉ። ሻጩ «ወይፈን ነው፣ ጋሼ» ሲላቸው፣ «ይሁን፤ አጥንቱ ግን ሽማግሌ ነኝ ይላል» ይሉታል። ልጆቻቸው ከሳሪስ ስልክ ሲደውሉ እንኳ፣ «ታክሲ ውስጥ ነኝ ትለኛለህ፤ የብርጭቆ ድምፅ ግን ይሰማኛል» ማለታቸው የተለመደ ነው።

ከጥርጣሬዎቻቸው ሁሉ መካከል ግን አንዱ አብሯቸው አርጅቷል። እርሱም በሚስታቸው በወይዘሮ በላይነሽ ላይ ያላቸው ጥርጣሬ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በ1965 ዓ.ም. ነው። በግንቦት ወር በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የፋብሪካው መኪኖች ሁሉ ቆሙ፤ «ነጭ ክር» የተባለው የሠራተኞች ባንድም በክበቡ አዳራሽ ሙዚቃ አቀረበ። ከከተማ የመጣ አንድ የሸክላ ነጋዴ ዝግጅቱን ቀርጾ «ቅዳሜ በአቃቂ» በሚል ርዕስ አወጣው። ከነጭብጨባው፣ ከነእልልታው በመድረክ ላይ የተቀረጸ ሸክላ በዚያን ጊዜ ብርቅ ስለ ነበረ፣ በየሻይ ቤቱ እስኪያልቅ ድረስ ተሰማ። ዛሬ ዕድሜው ከሰባ ያለፈ የአቃቂ ሰው ሁሉ «እኔ እዚያ ነበርኩ» ይላል። የሁሉም ቃል እውነት ቢሆን ኖሮ አዳራሹ ስታዲየም በሆነ ነበር። «እኔ አልነበርኩም» የሚሉት አቶ ጂራታ ብቻ ናቸው። እሳቸው ሐሙስ ዕለት በባቡር ወደ ድሬዳዋ ተልከው፣ እዚያ የሽመና መኪና መለዋወጫ ሲጠብቁ ሰነበቱ።

በላይነሽ በዚያን ጊዜ የሽመና ሠራተኛና የእሳቸው እጮኛ ነበሩ። በሸክላው ሁለተኛ ገጽ ላይ፣ የባንዱ ጊታር መቺ ፍቅሩ ብቻውን በሚመታበት ቦታ፣ አንዲት ሴት እልል ትላለች። እልልታው መጨረሻው ላይ ወደ ላይ ስብር ይላል፤ ይህ የበላይነሽ መሆኑን አቃቂ በሙሉ ያውቃል። ችግሩ ከየት እንደ መጣ ነው። እልልታው ከሩቅ፣ ከሕዝቡ መካከል አይሰማም፤ ከጊታሩ አጠገብ፣ ማይክሮፎኑ አፍ ላይ ነው የሚሰማው። የበላይነሽ ጓደኛ ዳሲቱ ደግሞ አንድ ቀን ሳይጠይቋት፣ «እኔ ከፊት ወንበር ላይ ነበርኩ፤ በላይነሽን ግን አላየኋትም» አለቻቸው። ከሕዝቡ መካከል ያልታየች፣ ድምፅዋ ግን ከጊታሩ አጠገብ የተሰማ ሴት፣ ከመድረኩ መጋረጃ ጀርባ ካልሆነ የት ልትሆን ትችላለች?

በተጋቡ በመጀመሪያው ዓመት አንድ ጊዜ ሚስታቸውን ጠየቋቸው።

«አዳራሹ ውስጥ ነበርሽ?»

«ነበርኩ፤ በቃ» አሉ በላይነሽ። ፊታቸው አመድ መሰለ። ከዚያ ወዲያ ጥያቄውም መልሱም አልተደገመም። ሦስት ልጆች ተወለዱ፤ ሦስቱም አድገው ወጡ። ፍቅሩ ከስድስት ዓመት በፊት ሲሞት፣ አቶ ጂራታ በለቅሶው ድንኳን ውስጥ ተቀምጠው የሚስታቸውን እንባ ከሌሎቹ ሴቶች እንባ ጋር ሲያመዛዝኑ ዋሉ። በዝቶ አላገኙትም። «የሠለጠነ ሰው እንባውንም ይመጥናል» ብለው ግን ይህንኑ ወደ ጥርጣሬያቸው ጨመሩት።

ያደታ ወደ ቤታቸው የመጣው በዚህ ዓመት በአንድ ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ያደታ የሟች ባልደረባቸው የሶሬሳ ልጅ ነው፤ በገላን ኮንዶሚኒየም ይኖራል፣ ከተማ መሥሪያ ቤት ይሠራል፣ ትርፍ ጊዜውን ግን አሮጌ ሙዚቃ በመሰብሰብ ያሳልፋል። በአንድ እጁ ትልቅ ቦርሳ፣ በሌላው ቀጭን ካርቶን ይዞ ገባ። ካርቶኑ ላይ «ቅዳሜ በአቃቂ» የሚለው የዱሮው ሽፋን፣ የአዳራሹ ሥዕል ሳይቀር፣ አዲስ ሆኖ ታትሟል።

«እንዴት አደሩ፣ ጋሼ ጂራታ? እንዴት አደሩ፣ እትዬ?»

ወይዘሮ በላይነሽ በሩ ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅሙ ነበር። ሽፋኑን ሲያዩ ሰላምታውን ከመመለሳቸው በፊት ጥቂት ዘገዩ። ይህን መዘግየት አቶ ጂራታ ሰሙት፤ መዘግየትም ለሚሰማው ሰው ድምፅ አለውና።

«ምንድን ነው ያመጣኸው?» አሉ።

«የእናንተ ሸክላ ነው፣ ጋሼ! አንድ የውጭ ኩባንያ በከፍተኛ ጥራት በዲስክ እንደ ገና አወጣው።»

«ሲዲ ነው በለኛ።»

«ሲዲ አይደለም።»

«ሲዲ ይመስላል።»

«ይመስላል፤ ግን ውስጡ ሌላ ነው። የመጀመሪያውን ቴፕ ከሸክላ ነጋዴው ልጆች ገዝተው ነው የሠሩት። በሸክላው ላይ ያልተሰማው ሁሉ ይሰማል። ዘፋኙ ሲተነፍስ፣ ወንበር ሲንቀሳቀስ፣ ሰው ሲያስል…»

«ሰው ሲያስል ለመስማት ነው እንግዲህ ይህን ሁሉ ወጪ የምታወጡት?»

ያደታ ሳቀ። በምሳሌ ሊያስረዳ ሁለት ጊዜ ሞክሮ ሁለቱንም ጊዜ ምሳሌው እጁ ላይ ከሸፈበት። አቶ ጂራታ ዲስኩን በጣታቸው ጫፍ ይዘው አገላበጡትና፣

«በአንድ ኢንች ስንት ክር ነው?» አሉ።

«እንዴት፣ ጋሼ?»

«አቡጀዲም ጨርቅ ነው፤ ፖፕሊንም ጨርቅ ነው። የሚለያዩት በአንድ ኢንች ውስጥ በሚገባው ክር ነው። ያንተ ዲስክ ክሩ የጠበቀ ነው ማለት ነው?»

«በትክክል! እኔ እኮ ይህን ለሰው ለማስረዳት ስንት ጊዜ ደከምኩ!»

«እንግዲያው ተጠንቀቁ» አሉ አቶ ጂራታ። «ነውር የሚታየው ጥሩ ጨርቅ ላይ ነው።»

የምስሩ ድምፅ በትሪው ላይ ቆመ፤ ጥቂት ቆይቶ እንደ ገና ቀጠለ።

ያደታ ከቦርሳው አንድ ወረቀት አወጣ። ኩባንያው ከዲስኩ ጋር አብሮ ለሚያወጣው መጽሐፍ፣ በዝግጅቱ ላይ የነበሩ ሰዎችን ትዝታ እንዲሰበስብ አዝዞታል። ወረቀቱ ስም፣ የሥራ ድርሻና በዕለቱ የት እንደ ነበሩ ይጠይቃል።

«እኔ አልነበርኩም» አሉ አቶ ጂራታ።

«ሁሉም ነበርን ነው የሚሉኝ፣ ጋሼ።»

«ለዚያ ነው እኔ አልነበርኩም የምልህ። አዳራሹ የሚይዘው አራት መቶ ሰው ነው። አንድ ሰው እንኳ ይቀነስለት።»

«እትዬ በላይነሽ ግን ነበሩ። አባቴ ‹ያቺ እልልታ የእሷ ናት› እያለ ነው ያሳደገኝ።»

ወይዘሮ በላይነሽ ቀና ሳይሉ፣ «እኔ ምን አስታውሳለሁ፣ ልጄ? አርጅቻለሁ እኮ» አሉ። የሦስት ልጆቻቸውን የክትባት ቀን ሳይቀር በቃላቸው የሚያውቁ ሴት ናቸው። ከዚያም ዓይናቸውን ወደ ባላቸው አንሥተው፣ ያለ ድምፅ፣ በከንፈራቸው ብቻ፣ «ይውሰደው» አሉ።

ይህ የሽመና ክፍል ልማድ ነው። መኪኖቹ ሲጮኹ ድምፅ ለድምፅ መደማመጥ ስለማይቻል፣ የሽመና ሠራተኞች በከንፈር መነጋገርን ይማራሉ። ባልና ሚስቱም ልጆች ወይም እንግዶች እንዳይሰሟቸው ሲፈልጉ እስከ ዛሬ በዚሁ ይነጋገራሉ። አቶ ጂራታ ከንፈራቸውን ሳያንቀሳቅሱ ፊታቸውን ወደ ያደታ መለሱ።

«እስቲ አሰማኝ» አሉ።

ያደታ ከቦርሳው ማጫወቻውንና ትልቅ የጆሮ ማዳመጫ አውጥቶ ገጣጠመ። የመጀመሪያው ዘፈን አለቀና ጭብጨባው መጣ። አቶ ጂራታ ግንባራቸውን ቋጠሩ። ጭብጨባው ሞልቷል፣ ይወርዳል፣ ይወጣል፤ ግን አንድ ነገር አልጣማቸውም። ምን እንደ ሆነ ሊለዩ ሲጠጉ፣ እንደ ልማዱ መብራት ጠፋ።

«አይ መብራት ኃይል!» አለ ያደታ። «ዋናውን ሳይሰሙት! በነገራችን ላይ፣ ጋሼ፣ ከእልልታው ሥር አንድ የሚያንኳኳ ነገር አለ። የኩባንያው መሐንዲሶች የቴፕ ብልሽት ነው ብለዋል፤ በሁለተኛው እትም ያጠፉታል።»

«ምን ዓይነት ማንኳኳት?»

«እንጃ። አንካሳ ሰው የሚራመድ ይመስላል።»

መብራቱ ስላልመጣ ያደታ ዕቃውን ትቶ፣ በማግሥቱ ከቅዳሴ በኋላ ሊመለስ ተስማምቶ ሄደ።

እሑድ ጠዋት ወይዘሮ በላይነሽ ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ ሦስት ጊዜ ወጡ። አንዴ የጸሎት መጽሐፋቸውን ረስተው ተመለሱ፤ አንዴ ጃንጥላ። በሦስተኛው ጊዜ የረሱት ነገር አልነበረም። በሩን ይዘው ቆሙና፣

«የሰው ንብረት ነው፤ ባትነካካው ጥሩ ነው» አሉ።

«እሺ» አሉ አቶ ጂራታ። የሚስታቸው ኮቴ ከግቢው እስኪወጣ አዳምጠው፣ መብራቱም ሌሊት መጥቶ ነበርና፣ ማጫወቻውን ከፈቱት።

ሁለተኛው ገጽ ላይ ጊታሩ ብቻውን ቀረ። የፍቅሩ ጣቶች ክሩ ላይ ሲንሸራተቱ፣ ጥፍሩ ሲነካ ይሰማ ነበር። ስድስት ዓመት በመቃብር የቆየ ሰው ክፍላቸው ውስጥ ገብቶ የተቀመጠ ያህል ስለ ተሰማቸው አቶ ጂራታ ጠሉት። ከዚያም እልልታው ወጣ፤ እጅግ ቅርብ ከመሆኑ የተነሣ ደንግጠው ወደ ኋላቸው ዞሩ። የሃያ ዓመቷ የበላይነሽ ጉሮሮ ነበረ፤ መጨረሻው ላይ ስብር አለ። ሃምሳ ዓመት የፈሩት ነገር ይኸው፣ ክሩ ጠብቆ መጣ።

ዓይናቸውን ጨፈኑ። በሽመና ክፍሉ በር ላይ ይቆሙ እንደ ነበረው ትከሻቸውን ዝቅ አድርገው፣ እልልታውን ለጊዜው ትተው፣ ከሥሩ ያለውን ጭብጨባ አዳመጡ። ትናንት ያልጣማቸው ነገር ምን እንደ ሆነ አሁን ገባቸው። ሰው ሲያጨበጭብ ይደክመዋል። አንዱ ያቆማል፣ ሌላው ዳግም ይጀምራል፣ እጅ ይሞቃል፣ ይለዝባል። ይህ ጭብጨባ አይደክመውም። እንጨት እንጨትን ሲመታ ነው የሚሰማው። ከመካከሉ ደግሞ አንዲት ድምፅ ታነክሳለች፤ ሁለት ጊዜ በትክክል ትመታና በሦስተኛው ትዘገያለች። ጧ፣ ጧ፣ … ጠቅ። ጧ፣ ጧ፣ … ጠቅ።

አቶ ጂራታ ከመቀመጫቸው ተነሡ።

«አርባ አንድ ቁጥር» አሉ፣ ማንም በሌለበት ቤት ውስጥ ጮክ ብለው።

አሥራ አንድ ጊዜ ደጋግመው ሰሙት። አርባ አንድ ቁጥር በላይነሽ የሚሠሩባት መኪና ነበረች። በዚያ ሳምንት ረቡዕ ዕለት፣ መወርወሪያውን የሚመታው እንጨት ተሰንጥቆ ማነከስ በጀመረች ጊዜ፣ አቶ ጂራታ ራሳቸው አቁመዋት ቀይ ጨርቅ አሰሩባት። ቀይ ጨርቅ የታሰረባት መኪና አትነካም፤ ይህ በፋብሪካው ሕግ ነበረ። እሳቸውም ለእሷው እንጨት ሊያመጡ ድሬዳዋ ሄዱ። ሰኞ ሲመለሱ ግን ጨርቁ ተፈትቶ፣ እንጨቱ ተሰብሮ፣ ድሩ ከዳር እስከ ዳር ተበጥሶ አገኙት። «በሚገባ ሳታቆማት ሄደህ ነው» ተባሉ። ሊሰጣቸው የነበረው የመካኒኮች ኃላፊነት ለከውሲ ተሰጠ፤ ከውሲም እስከ ጡረታው ድረስ አለቃቸው ሆኖ ኖረ። አርባ አንድን ማን እንዳስነሣት እስከ ዛሬ አልታወቀም።

መኪና ሙዚቃ ለመስማት አዳራሽ አይገባም። አርባ አንድ በእንዲህ ዓይነት ማነከስ የቆየችው ከረቡዕ እስከ ሰኞ ብቻ ነው። እንግዲያው ይህ ጭብጨባ የአዳራሹ አይደለም፤ ከጭብጨባው ጋር አብሮ የተቀረጸው እልልታም የአዳራሹ አይደለም። ሃምሳ ዓመት በሙሉ ዓይናቸውን ተክለው የኖሩበት መጋረጃ ከጀርባው ማንም አልነበረም። አቶ ጂራታ ግን ደስታቸውን ሊውጡት ሲሉ ሌላ አጥንት ጉሮሯቸው ላይ ቆመ። እልልታው ከአርባ አንድ አጠገብ ከሆነ፣ ቀዩን ጨርቅ የፈታው ማን ነው?

ወይዘሮ በላይነሽና ያደታ በር ላይ ተገናኝተው አብረው ገቡ።

«ሰሙት፣ ጋሼ?»

«ሰማሁት። አንተም ቁጭ በልና ስማው። ያ ማንኳኳት የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ፣ ስንት ጊዜም እንደሚመታ ቆጥረህ ንገረኝ። እንዳትሳሳት።»

ያደታ ደስ ብሎት ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ደፋ፤ ዓይኑንም ጨፈነ። አቶ ጂራታ ወደ ሚስታቸው ዞሩ።

«አርባ አንድ» አሉ በከንፈራቸው።

ወይዘሮ በላይነሽ ነጠላቸውን ሳያወልቁ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«ይሰማል?» አሉ እሳቸውም በከንፈር።

«ይሰማል።»

«ሸክላው ላይ አይሰማም ነበር።»

«ክሩ ጠበቀ። ጨርቁን ማን ፈታው?»

«እኔ።»

«ቅዳሜ?»

«እሑድ። ቅዳሜማ ቤቴ ነበርኩ፤ ጸጉሬን ታጥቤ። አንተ የሌለህበት ዳንስ ምን ልሠራ እሄዳለሁ?»

ከዚያም ነገሩን ከመጀመሪያው አወጡት፤ ከንፈራቸው እንደ ወጣትነታቸው ዘመን ፈጠነ። ቅዳሜ ዕለት ሙዚቃው ካለቀ በኋላ የሸክላ ነጋዴው ቴፑን ሲሰማ ጭብጨባው የለም። ሕዝቡ ላይ የተሰቀለው ማይክሮፎን ሽቦው ተነቅሎ ኖሯል። ሕዝቡ ተበትኗል። እሑድ ጠዋት የሽመና ክፍሉ ካቦ በፋብሪካው ሰፈር ከሚኖሩት ሴቶች አራቱን በጓሮ በር አስገባቸው። መኪኖቹ ከሩቅ ሲሰሙ ጭብጨባ ይመስላሉ፤ ይህን ያሰበው ካቦው ነው። ሴቶቹ አርባ መኪና አስነሡ።

«ነጋዴው ከጓሮ ቆሞ ቀርጾ ሰማና፣ ‹ይሄ ዝናብ ነው እንጂ ሕዝብ አይደለም› አለ» አሉ ወይዘሮ በላይነሽ። «እውነቱን ነው። አርባዎቹ እኩል ነው የሚመቱት። ሰው መቼ እኩል ያጨበጭባል? አንዱ ይቀድማል፣ አንዱ ይዘገያል። የምታነክስ ደግሞ አንድ ብቻ ነበረች።»

አቶ ጂራታ ሳያስቡት ራሳቸውን ነቀነቁ። በዚያ ክፍል ውስጥ ሁለተኛ ጆሮ ኖሯል፤ እሳቸው አላወቁም።

«ጊታሩስ?»

«የቱ ጊታር?»

«እልል ያልሽው ፍቅሩ ሲመታ ነው።»

«እኔ እልል ያልኩት መኪናዬ አጠገብ ነው። ማይክሮፎኑን አፌ ላይ ደገነና ‹ደስ ይበላችሁ› አለን፤ ደስ አለን። ጊታር የለ፣ ፍቅሩ የለ። ኋላ ቆርጦ ደስ ያለው ቦታ ላይ ለጠፈው።» ወይዘሮ በላይነሽ እዚህ ላይ ቆም አሉ፤ ዓይናቸው ፈጠጠ። «በፍቅሩ ነው እንዴ ስትጠረጥረኝ የኖርከው? በዚያ ቀብራራ?»

አቶ ጂራታ ማጫወቻውን ተመለከቱ።

«ዳሲቱ አላየኋትም አለችኝ» አሉ በመጨረሻ።

«አላየችኝማ! ቅዳሜ እሷ አዳራሽ ነበረች፤ እኔ ቤቴ። ውሸት አልነገረችህም።»

«እሑድስ?»

«እሑድማ አብረን ነበርን። ከአራታችን አንዷ እሷ አይደለችም እንዴ!»

አቶ ጂራታ ዳሲቱ ሳሪስ እንደምትኖር፣ ቤቷም የት እንደ ሆነ በልባቸው አሰቡ። ለእሷ ሌላ ቀን አለ።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ካቦው መጽሐፍ ቅዱስ ይዞ አስማለን። ይህ ከወጣ ሸክላው አይሸጥም፤ እናንተም ትባረራላችሁ አለ። እኔ ግን ላንተ ልነግርህ ነበር፤ ሙት! ሰኞ እስክትመጣ ነበር የጠበቅኩት። ሰኞ ስትመጣ ያቺን የተሰበረች መኪና አስታቅፈው ደረጃህን ነጠቁህ። ታዲያ ምን ብዬ ልንገርህ? የሰበርኳት እኔ ነኝ፣ ከውሲን አለቃ ያደረግኩብህ እኔ ነኝ ልበልህ? ነበርሽ ወይ ስትለኝ፣ ነበርኩ አልኩህ። ከዚያ ወዲያ ዓመቱ ዝም ብሎ ሄደ።»

«ለማንም አልተናገርሽም?»

«ለንስሐ አባቴ። በሰንበት መኪና ማስነሣት ኃጢአት ነው ብዬ።»

«ቄሱ ያውቁ ነበር?»

«አርባ አንድ ስግደት ሰጡኝ። ቁጥሩን ስሰማ ክው አልኩ፤ እሳቸው ግን መኪናዋን ከየት ያውቃሉ?»

የአቶ ጂራታ ከንፈር ሊስቅ ቃጣውና ተመለሰ። ከውሲ ከፊታቸው መጣ፤ ከነደብተሩ፣ ከነመንጎራደዱ፣ ሃያ ዓመት ከጀርባቸው ቆሞ «ጂራታ፣ ዘገየህ» ሲል።

«ለእግዜሩ ሰገድሽ» አሉ። «ለእኔስ?»

ወይዘሮ በላይነሽ ቀስ ብለው የነጠላቸውን ጫፍ ጣታቸው ላይ ጠቀለሉ። እንዲህ ሆነው ሲያዩዋቸው አቶ ጂራታ አንድ ነገር አስተዋሉ፤ በተጋቡ በመጀመሪያው ዓመት ያዩት ያ አመድ የመሰለ ፊት ይህ ነበረ። ያኔ የሌላ ሰው ፍቅር ነው ብለው ያነበቡት፣ ስለ እሳቸው የነበረ ጭንቀት ኖሯል። ድምፅን ለሃምሳ ዓመት ሲያምኑ፣ ፊትን አንድ ጊዜ በትክክል ቢያነቡ ኖሮ…

«ሠላሳ ስድስት!» አለ ያደታ ማዳመጫውን አውልቆ። ሁለቱም ደነገጡ። «ሠላሳ ስድስት ጊዜ ይመታል፣ ጋሼ፤ እልልታው ሳይጀምር ይጀምራል፣ እልልታው ካለቀ በኋላም ይቆያል። በጣም የሚረብሽ ብልሽት ነው። ሁለተኛው እትም ላይ ስለሚያጠፉት አይጨነቁ።»

«አያጥፉት» አሉ አቶ ጂራታ።

«እንዴት?»

«በዚያ ዲስክ ላይ ከሚሰማው ጭብጨባ ሁሉ ሰው የሚመስለው እሱ ብቻ ነው። እሱን ካነሣችሁ ዝናብ ይቀራችኋል። ጻፍላቸው፤ የሽመና መካኒክ እንዲህ አለ በል።»

ያደታ የገባው አይመስልም፤ ቢሆንም ጻፈ። ከዚያ የትናንቱን ወረቀት አወጣ። «በዕለቱ የት ነበሩ?»

«ድሬዳዋ። የተሰነጠቀ እንጨት ላስቀይር።»

«ጋሼ፣ ይሄ ለመጽሐፉ ምን ያደርጋል?»

«እውነት ነው። አንድ እንኳ ይኑርበት።»

ያደታ ተስፋውን ሁሉ ይዞ ወደ ወይዘሮ በላይነሽ ዞረ። «እትዬስ? አዳራሹ ውስጥ የት ጋ ነበሩ?»

ወይዘሮ በላይነሽ ባላቸውን ተመለከቱ። አቶ ጂራታ ከንፈራቸውን አላንቀሳቀሱም፤ ግን ፊታቸውንም አላዞሩም።

«አልነበርኩም፣ ልጄ» አሉ ወይዘሮ በላይነሽ፤ በድምፅ፣ ሁለቱም እንዲሰሙ። «ቤቴ ነበርኩ። ጸጉሬን ታጥቤ።»

የያደታ እስክርቢቶ ወረቀቱ ላይ ቆመ። «አልነበሩም? ታዲያ… እልልታው?»

«የእሷ ነው» አሉ አቶ ጂራታ።

«እዚያ ሳይኖሩ?»

«እሱን ሰኞ ና፤ ከፈቀደች ትነግርሃለች። ዛሬ ግን እኔ ገና ሰምቼ አልጨረስኩም። የሚቀረኝ አለ፤ የዚያን ጊዜው ሰኞ።» ይህን ሲሉ ያዩት ሚስታቸውን ነበረ። ወይዘሮ በላይነሽም ራሳቸውን ዝቅ አድርገው «አለ» አሉ።

ያደታ ሽቦዎቹን ጠቀለለ፣ ቦርሳውን ዘጋ፣ ሻይ ይጠጣ ዘንድ ቢለመንም እምቢ አለ። አቶ ጂራታ እስከ በሩ ሸኙት። ወጣቱ ጥቂት እርምጃ ሄዶ፣ አንድ ከባድ መኪና አቧራውን አቡንኖ እስኪያልፍ ከአጥሩ ጥግ ቆመ። ከዚያም ማንም የማያየው መስሎት ዲስኩን ከካርቶኑ አወጣ፤ ሐሰተኛ ይሆን እንዴ ብሎ ብር እንደሚመረምር ነጋዴ ወደ ፀሐይ አንሥቶ አገላበጠው፤ ቀጥሎም ዓይኑን አላምን ብሎ ይሁን አይታወቅም፣ ወደ ጆሮው አስጠጋው።

አቶ ጂራታ ያን አኳኋን ያውቁታል። በሩን ቀስ ብለው ዘጉና ወደ ውስጥ ተመለሱ።